የሰርጎ ገብ እናት

ኤሌኒ ልብስ የምትተኩሰው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነበር። የእሑዱም ሸሚዝ፣ የማክሰኞውም የትምህርት ቤት ልብስ፣ የማዳም ዓዚዛ ስስ የቤት ቀሚስ ሳይቀር ቅርጫት ውስጥ ተከምሮ ሐሙስን ይጠብቃል። ማዳም «ለምንድን ነው ቀን በቀን የማትተኩሺው?» ስትላት መልሷ የተዘጋጀ ነው። «ማዳም፣ ካውያው አንዴ ከጋለ ሁሉንም ባንዴ መጨረስ ነው ለመብራቱ የሚሻለው።» ጅቡቲ ውስጥ የመብራት ዋጋ እሳት ነውና ማዳም እዚህ ላይ ትረታለች። እውነቱ ግን ወዲህ ነው። ሐሙስ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያ ተከታታይ ፊልም ይጀምራል፤ የመተኮሻው ጠረጴዛ ደግሞ የሚዘረጋው ሳሎን ውስጥ ከሶፋው ጀርባ ነው። በሰው ቤት እግሯን አጣጥፋ ፊልም የምታይ ሠራተኛ የለችም። ቆማ እየተኮሰች የምታየውን ግን ማን ምን ይላታል?

ኮምቦልቻ ተወልዳ ያደገች ናት። በ1995 ዓ.ም. በጭነት መኪና ጋቢና፣ በሚሌና በድንበሩ በገላፊ አድርጋ ጅቡቲ ገባች። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብላ ነው ከቤት የወጣችው፤ እንደዚያ ሳይል የወጣ ማን አለ? ቡላኦስ ሰፈር፣ ማዳም ዓዚዛ ቤት ስትገባ ማዳም የአርባ ቀን አራስ ነበረች። ወር ሳይሞላት ወደ ቢሮዋ ተመለሰች፤ ሕፃኗ ሰብሪና ኤሌኒ ጀርባ ላይ ቀረች። ሰብሪና አፏን የፈታችው በአማርኛ ነው፤ የመጀመሪያ ቃሏም «እንቢ» ነበር። አባቷ ባሺር ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ማዳም ግን ለሳምንት ያህል ፊቷን አልፈታችም። ሁለቱ ዓመት አራት ሆነ፣ አራቱ ስምንት፣ ስምንቱ አሥራ አንድ። ኤሌኒ ደሞዟን ለእናቷ ትልካለች፣ ሰብሪናን ታሳድጋለች፣ ዓርብ ዓርብ ትወጣለች። ሕይወቷ ይኸው ነበር።

ዓርቧ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ካርቲየ 7 ቢስ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ስምንት ሴቶች አዋጥተው የተከራዩት አንዲት ክፍል አለች። ስድስት ቀን በየአሠሪዎቻቸው ቤት ያድራሉ፤ ዓርብ ግን የራሳቸው በር፣ የራሳቸው ቁልፍ አላቸው። ሁለት ፍራሽ፣ አንድ ቬንትሌተር፣ አንድ የተሰነጠቀ መስታወት፣ በቃ። ቴሌቪዥን የላቸውም። ተከታታዩ በሚታይበት ሰዓት እያንዳንዳቸው ወጥ ላይ ናቸው ወይ ሕፃን እያጠቡ ናቸው። ስለዚህ ፊልሙን የሚያዩት በኤሌኒ አፍ ነው። እሷም እንደ ዋዛ አትነግራቸውም። ፍራሹ ጫፍ ላይ ትቀመጥና ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ወርወር አድርጋ «የት ጋ ነበር ያቆምነው?» ትላለች። የት ጋ እንደቆሙ ጠፍቷት አይደለም። ሰባቱም ባንድ አፍ ሲመልሱላት ደስ ስለሚላት ነው። ሳምንቱን ሙሉ «ኤሌኒ፣ ይኼን አንሺ፣ ያንን አምጪ» ስትባል የከረመች ሴት፣ እዚያች ክፍል ውስጥ ዝም በሉ ስትል ዝም ይባልላታል። ከጭነት የመጡ ሾፌሮችም ሳይቀሩ በር ላይ ኩርሲ ስበው ያዳምጧት ነበር።

ፊልሙ በግድግዳ ውስጥ ስለሚያልፍ ወጣት ነው። ብረት በለው፣ ድንጋይ በለው፣ ገላው እንደ ጭስ ሆኖ ያልፋል፤ ሌባ ይይዛል፣ የታሰረ ያስፈታል። የፈረንጅ ስሙን የያዘላቸው ስለሌለ ሴቶቹ «ሰርጎ ገብ» አሉት። ጠላቱ እጁን ሲዘረጋ መኪናም ሰውም ባለበት ደርቆ የሚቀርለት ክፉ ሰው ነው። ይኼኛውን የሰየሙት ሾፌሮቹ ናቸው፤ «ኬላው» ብለው። መንገድ ላይ ስንት ኬላ እንደቆሙ የሚያውቁት እነሱ ናቸዋ! ቦንሳ የሚባለው፣ ወደብ ላይ ጭነት የሚያስጭነው፣ «በግድግዳ ማለፉስ ይቅር፤ ያለ ወረቀት ገላፊን ያልፋል ወይ? እሱን ንገሪኝ» ይላታል ሁልጊዜ።

ከሁሉም የምትወደደው ግን ሴቶቹ «እማዋ» ያሏት ነበረች። ሰርጎ ገብ ቤት ውስጥ ያለች፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። ሲመሽበት በር ከፍታ ትጠብቀዋለች፣ ቁስሉን ታጥብለታለች፣ የተቀደደ ካባውን ትሰፋለታለች። እሱም ከውጊያ ሲመለስ ማድ ቤት ገብቶ ፊት ለፊቷ ይቀመጥና ከሷ ጋር ሾርባ ይጠጣል። ታዲያ እናቱ ካልሆነች ማን ልትሆን ነው? በስሟ ይጠራታል እርግጥ፤ ግን ፈረንጅ እናቱን በስም ይጠራል ሲባል ኤሌኒ ሰምታለች። ፈረንሳይኛዋ ያኔ ከ«ውይ» እና ከ«ኖ» ብዙም የራቀ አልነበረም። እናቱ ናት ብላ ነገረቻቸው፤ እናቱ ሆነች።

በዚህች እናት ከሁሉ በላይ የተነካችው እትዬ ጽጌሬዳ ናት። እትዬ ጽጌሬዳ የክፍሏ ትልቅ ሰው ናት፤ ጅቡቲ ሃያ ዓመት አልፏታል። እናቷ ደሴ ሲሞቱ አሠሪዎቿ እንግዳ አለብን ብለው አልለቋትም። እርሟን ሳታወጣ፣ አፈር ሳታለብስ ቀረች። እማዋ የወጣችበትን ቦታ ኤሌኒ ስትተርክ እትዬ ጽጌሬዳ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ኤሌኒም ይኼን እያየች፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ፊልሙ ውስጥ የሌለ ነገር ጣል ጣል ማድረግ ጀመረች። እማዋ ልጇን ስትመርቅ በወሎ ምርቃት ሆነ። እማዋ ስትቆጣም በወሎ ቁጣ።

ነገሩ የተበላሸው በሁለተኛው ዓመት ነው። ሰብሪና የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ እየተቀመጠች የኤሌኒ ፈረንሳይኛ ቀስ በቀስ ጆሮ አበጅቶ ነበር። አንድ ሐሙስ ሰርጎ ገብ መቃብር ቦታ ሄደ። በዝናብ ውስጥ ቆሞ ድንጋዩ ላይ አበባ አኖረና «እናቴ» አለ። እማዋ ከኋላው ጃንጥላ ዘርግታለት ቆማለች፤ እሷ እየረጠበች። ኤሌኒ የባሺርን ነጭ ሸሚዝ አንገቱ ላይ አቃጠለችው። ለካ እናቱ ሞታለች! ለካ እማዋ የቤቱ ሠራተኛ ናት! ወደ ኋላ ተመልሳ ያየችውን ሁሉ ስታስብ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሽርጧ፣ በጓሮ በር መግባቷ፣ እንግዳ ሲመጣ ከሳሎን መጥፋቷ። ግን አስቡት እስቲ፣ ወንበር ስቦ ከሠራተኛው ጋር ሾርባ የሚጠጣ የቤት ልጅ የት አይታ ታውቃለች? ካላየችው ደግሞ እናቱ ናት ብትል ምን ይፈረድባታል?

በማግስቱ ዓርብ ስለ መቃብሩ ትንፍሽ አላለችም። «ዝናብ ዘነበ፤ እናትና ልጅ በአንድ ጃንጥላ ወደ ቤታቸው ሄዱ» አለች። እትዬ ጽጌሬዳ «እሰይ፣ የኔ እናት!» አለች። ውሸት አንዴ ከተጀመረ መቼ ማቆሚያ አለው? አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንደዚያው ዘለቀ።

አሁን ወደ መርሻ እንምጣ። መርሻ ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ አርባ ዓመት የሞላው፣ ቀልድ የሚወድ፣ ናዝሬት ሁለት ክፍል ቤት ያለው። ሚስቱ ከሞተችበት ሰባት ዓመት ሆኖታል። ኤሌኒን አግቢኝ ብሎ ከጠየቃት ሁለት ዓመት አልፏል። እሷም አልጠላችውም፤ እንዲያውም የመኪናው ጥሩንባ ከሩቅ ሲሰማ ፀጉሯን ትነካካለች። መልሷ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሰብሪና ትንሽ ትድረስልኝ»። መርሻም እየሳቀ ይመለሳል። በ2006 ግንቦት ላይ ግን ሳይስቅ መጣ።

«ኤሌኒ፣ ከሰኔ ወዲያ በዚህ መስመር አልመጣም። ወደ መተማ ተመድቤያለሁ» አላት። «አልነዘንዝሽም። ቁርጤን ንገሪኝና ልወቀው።»

«ተከታታዩ ይለቅና እነግርሃለሁ።»

«ምኑ?»

«ሦስት ክፍል ነው የቀረው።»

«በሕይወቴ ብዙ ነገር ቀድሞኛል፤ በፊልም ስቀደም ግን የመጀመሪያዬ ነው» አለ መርሻ። ቢሆንም እሺ አላት።

እሷም ቀልዷን አልነበረም። የፊልሙ መጨረሻ ሲቃረብ ጅቡቲ ውስጥ ሌላ ወሬ የጠፋ ይመስል ነበር። ኬላው እማዋን ወስዶ ከከተማው በላይ ካለ አሮጌ ግንብ ውስጥ ዘጋባት። ሰርጎ ገብ ኃይሉን አሳልፎ ከሰጠ ትፈታለች፤ ግን ያ ከሆነ ከተማውን የሚጠብቅ አይኖርም። ይመጣላታል ወይስ አይመጣላትም? ማዕከላዊ ገበያ ቲማቲም የምትሸጠው ሶማሌ ከደንበኞቿ ጋር ትከራከርበታለች። የሰብሪና ክፍል ተማሪዎች ለሁለት ተከፍለው መነጋገር እስከማቆም ደረሱ። 7 ቢስ ውስጥማ ጉድ ነው የፈላው። ቦንሳ «አክተር አይሞትም፤ የአክተር እናትም አትሞትም፤ ምን ያስጨንቃችኋል?» ሲል ሴቶቹ ሊበሉት ደረሱ። ውብነሽ የምትባለው ደግሞ፣ ትንሿና ቁጡዋ፣ እማዋ ከተፈታች ለቁልቢ ገብርኤል ጧፍ በሚሄድ ሰው እልካለሁ ብላ ተሳለች። ለፊልም ሰው ስለት! ሁሉም ሳቁባት፤ ግን «አይሆንም» ያላት አንድም ሰው የለም።

እትዬ ጽጌሬዳ ክርክሩ ውስጥ አልገባችም። «እናቱን እኮ ነው» ብቻ አለች። «እናቱን እንዴት ይተዋታል?»

ኤሌኒ ነጠላዋን አስተካከለችና ወሬ ቀየረች።

ሊያልቅ አንድ ክፍል ሲቀረው፣ ሐሙስ ምሽት፣ ሰብሪና ሁለት የክፍሏን ልጆች ጋብዛ ሶፋው ላይ ተደርድረው ነበር። ካምሲን የሚሉት የሞቀ ነፋስ ደጁን ይጠርጋል። ኤሌኒ ከኋላቸው ትተኩሳለች። አንደኛዋ ልጅ «በእርግጠኝነት ይሄድላታል» ስትል ሰብሪና ትከሻዋን ነቀነቀች። ጥርት ባለ ፈረንሳይኛ፣ «ሠራተኛው እኮ ናት» አለች። «ለሠራተኛ ብሎ ከተማ አያስጠፋም።»

በክፋት አልነበረም ያለችው። ክፋት ቢሆን ይሻል ነበር፤ ሰው በክፋት ይናደዳል ያልፍለታል። ሰብሪና ያለችው ሁለትና ሁለት አራት ነው እንደሚባለው ነው። ኤሌኒ ቀሪውን ልብስ ተኩሳ ጨረሰች፤ ምን እንደተኮሰች ግን አታውቅም። ሳህን ስታጥብ፣ ጠዋት ሰብሪናን ስታሰናዳ ያው ቃል ነው የሚመላለስባት። እኔስ ብታሰር? እኔስ ብታመም? ይቺ በጀርባዬ ያሳደግኋት ልጅ ትመጣልኛለች? ሁለት ዓመት ሙሉ መርሻን «ትድረስልኝ» እያለች የመለሰችው ለዚህች ልጅ ብላ ነው። ልጅቱ ደግሞ ሠራተኛ ምን እንደሆነ ካወቀች ቆይታለች።

ኤሌኒ እዚህ ላይ አንድ የሞኝ ነገር አደረገች። ከተማውን ትቶ ለእማዋ ከመጣላት እቀራለሁ፤ ካልመጣላት ከመርሻ ጋር እሄዳለሁ አለች በልቧ። አዎ፣ በፊልም! የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ዕድሜዋን እንዲህ አድርጋ ለማታውቀው ፈረንጅ ሰጠች። አትሳቁባት። ራሷን መጠየቅ የፈራችውን ነገር ሌላ ሰው እንዲመልስላት ፈልጋ ነው።

የመጨረሻው ሐሙስ ደረሰ። ሳሎኑ ሞልቷል። ማዳም ዓዚዛ ከእህቷ ጋር ተቀምጣለች፣ ባሺር ጫቱን ትቶ መጥቷል፣ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተኮልኩለዋል። ኤሌኒ የመተኮሻ ጠረጴዛዋን ዘረጋች፤ ቅርጫቷ ውስጥ ሁለት ፎጣ ብቻ ነበር የቀረው። ሁለቱን ፎጣ አርባ አምስት ደቂቃ ተኮሰቻቸው።

ፀሐይ እየጠለቀች ነው። ኬላው ግንቡ ላይ ቆሞ እየሳቀ ነው። እማዋ እጇ ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ግን አታለቅስም። ባሺር «አይመጣም፤ ዓለም እንደዚያ አይደለችም» ይላል። ማዳም «ዝም በል እስቲ!» ትለዋለች። ከዚያ ሰርጎ ገብ መጣ። በግድግዳ አይደለም የመጣው፤ በደረጃው፣ በእግሩ፣ እያለከለከ። ኃይሉን አስረከበ። እንደ ማንም ሰው ሆኖ በሩን በትከሻው እየመታ፣ አራቴ አምስቴ እየመታ ሰበረውና እማዋን አቀፋት። ኬላውማ የወሰደው ኃይል ራሱን በላው፤ ከተማውም እንደ ሁልጊዜው ተረፈ።

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሰብሪና ከምንጣፉ ተነስታ፣ በሶፋው ላይ ተንጠላጥላ ዘለለችና ኤሌኒ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ጓደኞቿ ፊት በአማርኛ ማውራት ካቆመች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ያን ቀን ግን በአማርኛ ጮኸች። «ኤሉ፣ መጣላት! አየሽ አይደል፣ መጣላት!» ዕንባዋ የኤሌኒን አንገት አረጠበው። ኤሌኒም አለቀሰች። ከደስታ ብዛት ልቧ ሊፈርስ ነበር። እቀራለሁ አለች፤ በቃ፣ እቀራለሁ፤ መርሻ ይቅር ይበለኝ።

ይኼኔ እንግዶቹ እንደጠማቸው ትዝ አላት። ማንም አላዘዛትም፤ እግሯ ነው የወሰዳት። ማድ ቤት ገባች፣ ጭማቂውን ቀዳች፣ ብርጭቆዎቹን ትሪ ላይ ደረደረችና ስትመለስ ሳሎኑ በር ላይ ደረሰች። ቴሌቪዥኑ ላይ የመጨረሻው ትርኢት እየታየ ነበር። የሰርጎ ገብ ቤት በእንግዳ ተሞልቷል፤ የከተማው ሹማምንት፣ ወዳጆቹ፣ የሚወዳት ልጅ፤ ሁሉም ትልቁ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ይስቃሉ። እማዋ በሽርጧ ሆና፣ እጇ ላይ ገመዱ ያጎደጎደው ምልክት ሳይጠፋ፣ ትሪ ይዛ በመካከላቸው ታልፋለች። ሰርጎ ገብ ብርጭቆውን ከትሪው ሲያነሳ በፍቅር ፈገግ አለላት። እሷም ፈገግ አለችለትና ወደ ማድ ቤት ሄደች።

ፊልሙ አለቀ። ሁሉም ሰው ደስ ብሎታል። ያንን ያየው ሰው አልነበረም፤ ከኤሌኒ በቀር። ትሪዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ይወዳታል፤ ይኼ ሐሰት የለውም፤ ሊሞትላት ነበር እኮ። ግን ከሞት አውጥቶ የመለሳት ወደዚያው ትሪ ነው። ጭካኔም አይደለም፤ እሱም እሷም ሌላ ነገር መኖሩ አልታያቸውም። ኤሌኒ በሰብሪና አልተናደደችም። ያን ሰዓት የገረመቻት ራሷ ናት፤ ማን ላካት ወደ ማድ ቤት?

«ኤሌኒ፣ ነይ እንጂ፣ በረዶው ቀለጠ» አለች ማዳም፣ በደግ ድምፅ።

በማግስቱ 7 ቢስ ስትደርስ ክፍሏ ጢም ብላ ጠበቀቻት። ሰባቱም አሉ፤ ቦንሳ በር ላይ፣ መርሻ ከቦንሳ ጎን ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጧል። ውብነሽ ስለቷን ልትሰጥ ወይ ልታስቀር አሰፍስፋለች። ኤሌኒ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «የት ጋ ነበር ያቆምነው?» አላለችም።

«መጀመሪያ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «እማዋ እናቱ አይደለችም። እናቱ ሞታለች። እማዋ የቤቱ ሠራተኛ ናት። እኔ መጀመሪያ ተሳስቼ ነው፤ በኋላ ግን እያወቅሁ ነው የዋሸኋችሁ።»

ከዚያ እትዬ ጽጌሬዳ ፊቷ ተለዋውጦ ተነሳች። እንዲህ ተቆጥታ አይተዋት አያውቁም።

«ሦስት ዓመት ሙሉ!» አለች። «ሦስት ዓመት ሙሉ ያለቀስነው ለሠራተኛ ነው?»

የተናገረችው ነገር ለራሷ እስኪሰማት ትንሽ ጊዜ ፈጀ። ዙሪያዋን አየች፤ ሰባት ሴቶች ያይዋታል። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቀስ ብላ ቁጭ አለች። ማንም አልሳቀም። መጀመሪያ የተናገረችው ቦንቱ ናት፤ ዝምተኛዋ፣ ከሁሉም ታናሽ የሆነችው።

«ይሁንና» አለች ቦንቱ፣ «ለኛስ ማን አልቅሶልን ያውቃል? እኛው ብናለቅስላት ምን አለበት?»

እትዬ ጽጌሬዳ ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ለማን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። ውብነሽ ጎኗ ሄዳ ተቀመጠችና ትከሻዋን አቅፋ፣ ዓይኗን ወደ ኤሌኒ መለሰች። «እሺ፣ መጣላት ወይስ አልመጣላትም? ቁርጡን ተናገሪ፤ ጧፉን ገዝቼዋለሁ።»

«መጣላት» አለች ኤሌኒ።

እልልታው ጎረቤት አስወጣ። ኤሌኒ ደረጃውን፣ በሩን፣ ትከሻውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ አሁን አንድ ቃል አልጨመረችም። ሲያበቃ እትዬ ጽጌሬዳ ዓይኗን ጠራርጋ፣ «ከዚያስ እማዋ ምን ሆነች?» አለች።

«እንግዶቹን አስተናገደች።»

«በዚያኑ ቀን? እጇ ሳይድን?»

«እጇ ሳይድን።»

«ቁጭ በይ ያላት የለም?»

«የለም። እሷም ልቀመጥ አላለችም።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቦንሳ ሳይቀር ቀልዱን ዋጠ። መርሻ ጀሪካኑ ላይ እንደተቀመጠ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አለቀ በቃ?» አላት።

«አለቀ» አለች። ሁሉም ሰው እየሰማ ነው፤ እሷም ይስሙ ብላ ነው። «መርሻ፣ እመጣለሁ። ግን ቤትህ ውስጥ ትሪ ይዤ ስቆም ካየኸኝ፣ ተቀመጪ በለኝ። እኔ አላስታውስ ይሆናል፤ ለምዶብኛል።»

መርሻ ምንም ቀልድ አልመጣለትም። አንገቱን ነቀነቀ፤ ከዚያም ከጀሪካኑ ተነሳና ምን ማድረግ እንዳለበት ስላላወቀ ተመልሶ ተቀመጠ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ኤሌኒ ወደ ቡላኦስ ተመለሰች። ከማዳም በፊት ለሰብሪና ልትነግራት ቆርጣለች። ሰብሪና አልጋዋ ላይ ተጋድማ ስለ ፊልሙ ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ስታወራ አገኘቻት። እስክትጨርስ ጠበቀችና አልጋው ላይ፣ አጠገቧ ተቀመጠች። ነገረቻት፤ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ ስለ መርሻ፣ ስለ ናዝሬት፣ ስለ ሰኔ። ልጅቱ ፊቷን ሳትለውጥ አዳመጠቻት። ኤሌኒ ሁለት ነገር ፈርታ ነበር፤ እንዳታለቅስ ፈርታለች፣ ሳታለቅስ እንዳትቀርም ፈርታለች።

ሰብሪና ስልኳን ትራሷ ሥር ከተተች። ከዚያ፣ «ጠዋት ማን ነው የሚቀሰቅሰኝ?» አለች።

ፍቅር ይሁን ልማድ፣ ኤሌኒ ለመለየት አልሞከረችም። ሁለቱም አብረው እንደሚኖሩ አሁን ታውቃለች።

«ራስሽ ትነሻለሽ።»

«አልችልም።»

«ትችያለሽ። እኔም እኮ ሃያ ሦስት ዓመቴ ድረስ እናቴ ነበረች የምትቀሰቅሰኝ። እዚህ ቤት ስመጣ ግን ቻልኩት።»

ሰብሪና ፊቷን አዞረች። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። «እዚህ ማን ቀሰቀሰሽ?»

«አንቺ ነሻ» አለች ኤሌኒ። «እያለቀስሽ።»